ጁፒተርን ከትክል ድንጋይ ጓሮ ስለ መለካት

በአገራችን የሥነ ፈለክ ምርምር ሲነሣ ቀድመው የሚታወሱት እንጦጦ ላይ የተተከሉት፣ እያንዳንዳቸው ባለ አንድ ሜትር መስተዋት የሆኑት ሁለት ቴሌስኮፖች ናቸው። ለጎንደር የፊዚክስ ተማሪ እንጦጦ ሩቅ ነው። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፉን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሌሎች በሰበሰቡትና እርሱ ከኢንተርኔት ባወረደው መረጃ ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ጥናቱም አብሮ ይቆማል። ከዚህም የሚብሰው፣ የትኛው ሌሊት ደመናማ እንደ ነበረ፣ የትኛው ልኬት እንደሚያጠራጥር አለማወቁ ነው። ባለ 20 ሴንቲ ሜትር መስተዋት ቴሌስኮፕና አንድ የቪዲዮ ካሜራ ይህን ጉድለት በከፊል ሊሞሉት ይችላሉ ብዬ አምናለሁ።

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን የምትገኘው የላይ አርማጭሆዋ ትክል ድንጋይ በ12 እና በ13 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ መካከል ናት። ፕላኔቶች የፀሐይን የሰማይ መንገድ ተከትለው ስለሚጓዙ፣ ጁፒተርና ሳተርን ከዚህ ሲታዩ በከፍተኛ ቦታቸው ላይ ከ50 ዲግሪ በታች አይወርዱም፤ በአንዳንድ ዓመታት በአናታችን ትክክል ያልፋሉ። ለንደን ላይ ግን ጁፒተር ወደ ደቡብ ባዘነበለበት ዓመት ከአድማስ የሚነሣው 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ዝቅ ያለ ፕላኔት ብርሃኑ ብዙ አየር ሰንጥቆ ስለሚመጣ ምስሉ ይርገበገባል። በፕላኔት ፎቶግራፍ የታወቀው እንግሊዛዊው ዳሚያን ፒች ጁፒተርን ለማንሣት ወደ ባርቤዶስ የተጓዘው ለዚህ ነው። ያች ደሴት በ13 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ እርሱ ባሕር ተሻግሮ የፈለገው ሰማይ የእኛ ሰማይ ነው ማለት ይቻላል።

ለጥሩ ምስል ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ የሚቆይ ቪዲዮ ይቀረጻል፤ ኮምፒዩተሩም ከሺዎቹ ምስሎች መካከል አየሩ ለቅጽበት በረጋ ጊዜ የተገኙትን መርጦ ይደራርባቸዋል። ጁፒተር ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ በራሱ ዛቢያ ስለሚሽከረከር፣ ቀረጻው ቢረዝም መልኩ ይደበዝዛል። ጨረቃዎቹን ለመለካት ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው አዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድና ካሊስቶ በትንሽ ቴሌስኮፕ ጎልተው ይታያሉ። ርቀታቸው በጁፒተር የወገብ ስፋት፣ ማለትም በ143,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እየተመዘነ ሌሊት በሌሊት ቢመዘገብ፣ አዮ በ1.77 ቀን፣ ካሊስቶ በ16.69 ቀን ዙራቸውን እንደሚፈጽሙ ከተማሪው መዝገብ ይወጣል። ከዚያም በኒውተን ቀመር የጁፒተር መጠነ ቁስ ይሰላል። የታወቀው መልስ የመሬት 318 እጥፍ ነው፤ ተማሪው ከዚህ ምን ያህል እንደ ራቀ፣ ለምንስ እንደ ራቀ ማስረዳት አለበት። ለእኔ ዋናው ትምህርት ይህ ነው።

ሙከራው አራት መቶ ዓመት ያለፈው ነው የሚል ተቃውሞ ይጠበቃል፤ በከፊል እውነት ነው። ይህ ስሌት ብቻውን ለማስተርስ ጽሑፍ አይበቃም፤ መለካትን ለመማር ግን ይበቃል። አዲስ ነገርም ከጓሮ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2009 አውስትራሊያዊው አንተኒ ዌስሊ ከቤቱ ጁፒተርን ሲያነሣ ያልነበረ ጥቁር ጠባሳ አገኘ፤ ታላላቆቹ ቴሌስኮፖች ወደዚያ ዞረው የግጭት ምልክት መሆኑን አረጋገጡ። ጁፒተር ከአውስትራሊያ ሰማይ ከጠለቀ በኋላ በእኛ ሰማይ ላይ ለሰዓታት ይቆያል።

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፦ ምስል ማሳመር። በሶፍትዌር የተሳለ ምስል ለግድግዳ ያምራል፤ የብርሃን መጠን ሊለካበት ግን አይታመንም። ያልተነካው ቪዲዮ፣ የተቀረጸበት ሰዓት እስከ ሴኮንዱ ተመዝግቦ፣ መቀመጥ ይኖርበታል።

ፕላኔቶች ብሩህ ስለሆኑ የከተማ መብራት አይጋርዳቸውም፤ ሌሊት ርቆ መሄድ በማያስተማምንበት ጊዜ ከግቢ ሳይወጡ የሚሠራ ጥናት ነው። እንቅፋቱ ቀን ፀሐይ የመታው የቆርቆሮ ጣራ ነው፤ ካመሸም በኋላ ሙቀቱን እየተፋ በላዩ የሚታየውን ሁሉ ያርገበግባል። መስተዋቱም የደጋውን ብርድ እስኪለምድ ድረስ ውጭ መቆየት አለበት።

ጁፒተር ከፀሐይ ትይዩ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ የሚታይበት ወቅት በየዓመቱ አንድ ወር ያህል ወደ ፊት ይገፋል። በ2019 ዓ.ም. የካቲት፣ በ2020 መጋቢት፣ በ2021 ሚያዝያ ላይ ይውላል። በ2023 ሰኔ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት የክረምታችን ደመና ይሸፍነዋል። አንድ የትምህርት ክፍል ትንሽ ቴሌስኮፑን ከመጋዘን አውጥቶ ለተማሪ የሚያውስ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት ባሉት በጋዎች መሆን አለበት።