ኮከብም ይወለዳል

ከዋክብት ሁሉ ጥንት አንድ ጊዜ ተፈጥረው ያለቁ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬም ይወለዳሉ።

ኮከብ የሚወለደው ከጋዝና ከአቧራ ነው። ጋዝ ስንል የኩራዙን ማለታችን አይደለም። እንደ አየር የረቀቀ ነገር ነው። ጋዙ በራሱ ስበት ይሰበሰባል፤ ይጠብቃል፤ ይግላል። በመጨረሻም ማብራት ይጀምራል። ፀሐያችንም እንዲህ የተወለደች ኮከብ ናት።

የብዙ ቢሊዮን ከዋክብት ስብስብ ጋላክሲ ይባላል። የኛ ፀሐይ ያለችው በአንዱ ጋላክሲ ውስጥ ነው። በሰሜን ሰማይ ደግሞ ኤም 82 የሚባል ሌላ ጋላክሲ አለ። በዓይን ብቻ አይታይም። ጀርመናዊው ዮሐን ቦደ በ1774 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በመነጽር አገኘው። ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 12 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

በኤም 82 ከዋክብት የሚወለዱት ከኛ ጋላክሲ 10 እጥፍ በሚያህል ፍጥነት ነው። ምክንያቱ ጎረቤቱ ነው። ኤም 81 የሚባለው ትልቅ ጋላክሲ ቀርቦት ሲያልፍ በስበቱ ጎተተው። ጋዙም ወደ መሐል ተከማቸ።

ይሁን እንጂ ትልልቆቹ ከዋክብት ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ቶሎ ይፈነዳሉ። ከነሱ የሚነሣው ኃይለኛ ነፋስ ጋዙን ጠርጎ ያስወጣዋል። ጋዙ ካለቀ አዲስ ኮከብ አይወለድም። የዘር እህሉን የጨረሰ ገበሬ ምን ይዘራል? የኤም 82 ጥድፊያም እንዲሁ ነው፤ ብዙ አይዘልቅም።