ሰይጣን እውነት ቢናገርስ?

«ሰይጣን ላመሉ ከመጽሐፍ ይጠቅሳል» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱን የምንመዘው ጥቅስ እየደረደረ የሚያታልለንን ባልንጀራ ለመንቀፍ ነው። በዚህች አጭር ተረት ውስጥ ግን አንድ ከባድ የእምነት ጥያቄ ተቀምጧል። ሐሰተኛ፣ የሐሰትም አባት የተባለው ዲያብሎስ እውነት መናገር ይችላልን? ይችላል ካልን ደግሞ እውነቱን ምን እናድርገው? እንቀበለው? እንፍረድበት? ወይስ እውነት መሆኑን እያወቅን ጆሯችንን እንድፈን?

ጥያቄው የነገረ መለኮት ተማሪዎች የክርክር ማሟሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት ነበር። ነገር ግን በመልሱ ላይ የሰው ስም፣ የሰው ትዳር፣ አንዳንዴም የሰው ሕይወት ተንጠልጥሏል። የእኔ አቋም አጭር ነው፤ ሰይጣን እውነት ይናገራል፤ ምስክር ሊሆን ግን አይገባውም።

አስቀድመን እውነት መናገሩን እንይ። በኤደን ገነት እባቡ ለሔዋን ሞት የለም ማለቱ ሐሰት ነበር። ዓይናችሁ ይከፈታል ማለቱ ግን ተፈጽሟል፤ በዘፍጥረት 3፥7 የሁለቱም ዓይን እንደ ተከፈተ ተጽፏልና። የተከፈተው ዓይን መጀመሪያ ያየው የራሱን ዕርቃን መሆኑን ነው ያልነገራት። በምድረ በዳ ክርስቶስን ሲፈትን የጠቀሰው መዝሙርም (በእኛ አቆጣጠር መዝሙር 90) እውነተኛ የእግዚአብሔር ቃል ነው። አንባቢ መጽሐፉን ገልጦ ቢያስተያይ ግን ጠቃሹ የት ላይ እንዳቆመ ያያል። ቀጥሎ ያለው ክፍል ዘንዶውን ስለ መርገጥ ይናገራል። ፈታኙ ራሱ የሚረገጥበት ቦታ ሳይደርስ ንባቡን አቋረጠ።

በቅፍርናሆም ምኵራብ ርኩስ መንፈስ ያደረበት ሰው ኢየሱስን የእግዚአብሔር ቅዱስ ብሎ ጮኸ (ማር. 1፥24)። ደቀ መዛሙርቱ ገና ባልተረዱበት ሰዓት አጋንንቱ ያውቁት ነበር። በኤፌሶንም የአስቄዋ ሰባት ልጆች በማያምኑበት ስም አጋንንት ሊያወጡ ሲሞክሩ፣ ክፉው መንፈስ ኢየሱስንም ጳውሎስንም እንደሚያውቅ፣ እነርሱን ግን እንደማያውቅ ነገራቸው (የሐዋ. 16 ሳይሆን 19፥15 ላይ ነው ታሪኩ)። ከዚህ የቀና ዐረፍተ ነገር የት ይገኛል? እንግዲያው ሰይጣን ከአፉ እውነት አይወጣም የሚል ሰው ከመጽሐፉ ጋር ይጣላል።

ታዲያ ጌታ በዮሐንስ ወንጌል 8፥44 ስለ ዲያብሎስ የተናገረው እንዴት ይታረቃል? በዚያ ቦታ የተባለው ሐሰትን ሲናገር ከራሱ እንደሚናገር ነው። በጥንቱ አማርኛችን ብናስረዳው፣ ሐሰት ገንዘቡ ነው። እውነት ሲናገር ግን የሚያወጣው ከሰው ኪስ ነው። የሰረቀውን ያወጣል እንጂ የራሱን አይሰጥም። የሂፖው አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ395 ገደማ ስለ ሐሰት በጻፈው ድርሳን ሐሰትን የለካው በቃሉ ብቻ አይደለም፤ በተናጋሪው ፈቃድ ጭምር ነው። ሰው እውነት ተናግሮም ሊያታልል እንደሚችል አስቀድሞ አስተውሏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በቅፍርናሆም ያ መንፈስ እውነቱን ሲናገር ክርስቶስ ምን አደረገ? ምስክርነቱን አልተቀበለም፤ ዝም አሰኘው። በፊልጵስዩስ ከተማ የምዋርት መንፈስ ያደረባት ገረድ ጳውሎስንና ሲላስን የልዑል አምላክ አገልጋዮች ናቸው እያለች ብዙ ቀን ተከተለቻቸው (የሐዋ. 16፥16-18)። ነገሩ እውነት ነበር፤ ለስብከታቸውም ነጻ ማስታወቂያ ይመስላል። ጳውሎስ ግን አዘነ፤ መንፈሱንም አስወጣው። ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ አልዓዛር በሰበከው ስብከት ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ አጋንንት እውነቱን መንገድ አድርገው ኋላ ሐሰቱን እንዳይቀላቅሉበት፣ ታማኝም እንዳይሆኑ ነው ይላል።

ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው አትናቴዎስ በጻፈው የእንጦንስ ገድል ውስጥ ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚነካ ምሳሌ አለ። አጋንንት የዓባይን ሙላት ለግብፃውያን አስቀድመው ቢናገሩ አትደነቁ ይላል አባ እንጦንስ፤ በኢትዮጵያ ምድር ብዙ ዝናብ መዝነቡን አይተው፣ ውኃው ሳይደርስ ቀድመው ሮጠው ያወሩታልና። ወሬው እውነት ነው፤ ዝናቡም ዘንቧል፤ ውኃውም ይመጣል። ነገር ግን ፈጣን መልእክተኛ መሆን ነቢይ አያሰኝም። ነገ ዝናብ በሌለበትም ጎርፍ መጣ ቢል ማን ይጠራጠረዋል?

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህን ነገር በሌላ በር ያውቁታል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሼክስፒር «ማክቤዝ» ጠንቋዮቹ የተናገሩት ትንቢት ሁሉ በቃሉ ደርሷል። ማክቤዝ ሹመቱን አገኘ፤ ነገሠ፤ የማይሆን የመሰለው ጫካም ወደ ቤተ መንግሥቱ ተጓዘ። ጓደኛው ባንኮ ገና ከጅምሩ፣ የጨለማ ወገኖች በጥቃቅን እውነት አጥምደው በትልቁ ነገር እንዳይከዱን ብሎ ሠግቶ ነበር። ማክቤዝን የገደለው የሰማው እውነት ሳይሆን እውነቱን ከማን እንደ ሰማ አለመጠየቁ ነው።

በታሪክ ደግሞ ከመድረክ የከፋ ነገር ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ1634 በፈረንሳይ አገር በሉደን ከተማ ኡርባን ግራንዲዬ የተባለ ካህን በእሳት ተቃጠለ። የከሰሱት፣ በኡርሱሊን ገዳም መነኮሳይያት ላይ አድረናል ያሉ አጋንንት ናቸው። አስወጪዎቹ ካህናት፣ ጋኔን በሥርዓቱ ሲገዘት እውነቱን ለመናገር ይገደዳል የሚል ትምህርት ይዘው ነበር፤ በዚያ መሠረት የጋኔኑ ቃል ለፍርድ ቀረበ። ኋላ ከመነኮሳይያቱ አንዳንዶቹ ተጸጽተው ክሱን ሲያስተባብሉ ግን ይህ የሰይጣን ተንኮል ነው ተባለ። ልብ በሉ፤ ክሱ የሰይጣን እውነት፣ ማስተባበያው የሰይጣን ሐሰት ሆነ። እውነቱንና ሐሰቱን የለየው ሰሚው ራሱ ነበር፤ ሊሰማ የፈለገውን መረጠ። ግራንዲዬ ከሞተም በኋላ የመነኮሳይያቱ ጩኸት ለዓመታት ቀጠለ።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ነው ብለን እንዳናልፈው በእኛም ዘንድ ወንድሙ አለ። በጠበል ቦታ፣ በነጻ ማውጣት ጉባኤም፣ መንፈስ ያደረበት ሰው ሲጮህ «ስምህ ማነው? መቼ ያዝካት? ማን ላከህ?» የሚሉ ጥያቄዎች ይከተላሉ። መልሱ ብዙ ጊዜ የሰው ስም ነው፤ ጎረቤት፣ ምራት፣ የእንጀራ እናት። ዛሬ ደግሞ ጩኸቱ በካሜራ ይቀረጻል፤ በዩቲዩብ ይለቀቃል፤ የተጠራው ስም ከመንደሩ አልፎ አገር ያዳርሳል።

በቅርብ በማውቀው አንድ ቤተሰብ የሆነውን ልናገር። አንዲት ልጅ ታማ ጠበል ስትጠመቅ ያደረባት መንፈስ አክስቷን ጠራ። አክስትየዋ በውርስ ቤት ምክንያት ከእናቷ ጋር መጋጨቷን አነሣ፤ ይህ እውነት ነበር። ልጅቱን ሕፃን ሳለች ያሳደገቻት እርሷ መሆኗንም ተናገረ፤ ይህም እውነት ነበር። ሦስተኛ፣ መተት ያሠራችባት እርሷ ናት አለ። ሁለቱን እውነት የሰማ ዘመድ ሦስተኛውን ሊመረምር ጉልበት አላገኘም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኒያ ሴት ቡና የሚያጣጣቸው ጠፋ። በለቅሶ ድንኳን እንኳ ዳር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። በሰው ምስክር ቢከሰሱ ተከራክረው በረቱ ነበር፤ ከማይታይ ከሳሽ ጋር ግን በየትኛው ሸንጎ ይቆማሉ?

ይህን ስል ጠበልን መናቄ፣ ጸሎትንም መንቀፌ አይደለም። ብዙዎች በጠበል እንደ ተፈወሱ የሚመሰክሩ ወገኖቻችንን አከብራለሁ። የምቃወመው ጥያቄውን ነው። ጌታም እኮ ሌጌዎንን ስሙን ጠይቆታል የሚል ይኖራል (ማር. 5፥9)። እውነት ነው፤ ጠይቆታል። ማን ላከህ ብሎ ግን አልጠየቀውም፤ የጌርጌሴኖንን ሰዎች ገበና አላስወራውም፤ ከጎረቤት ማን ጠላት እንደ ሆነ አላስቆጠረውም። የታሰረውን ሰው ፈትቶ ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ ሰደደው። የእኛ ጥያቄ ግን ዘመድን ከዘመድ ይለያል።

ሌላው የተለመደ ክርክር «የተናገረው ሆኖ ተገኝቷል» የሚለው ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በሥራችን ፊርማው ትክክል መሆኑ ብቻውን ገንዘብ አያስከፍልም፤ ያመጣው ማን ነው፣ ሥልጣንስ አለው ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ትክክለኛ ፊርማ በሌባ እጅ ሊገኝ ይችላልና። የሰይጣንም ነገር እንዲሁ ነው። እውነት መናገሩ ሲረጋገጥ ጥንቃቄያችን መጨመር ሲገባው እኛ ያን ጊዜ እንፈታለን። ኦሪት ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጽና ስትል ምስክሮቹ የሚጠየቁ፣ በሐሰት ቢገኙ የሚቀጡ ሰዎች ናቸው። ለተናገረው የማይጠየቅ ፍጡር እንዴት ምስክር ይባላል?

ይኸው ፍርድ አጋንንትን ደግፈው በሚከራከሩብን ጊዜም ይሠራል። «ሰይጣን እንኳ የእኛን ሃይማኖት ቀናነት መሰከረ» እየተባለ የሚለቀቀውን ምስል ስመለከት ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ለምን እንዳዘነ ይገባኛል። የሚደግፈን ሲመስልም ዋጋ አለው፤ ዛሬ ላመሰገነን ምላስ ነገ ሲከስስ እንዴት አናምንህም እንለዋለን?

ሰይጣን የሚለው ስም በዕብራይስጡ ባላጋራ ማለት ነው፤ በራእይ መጽሐፍም የወንድሞች ከሳሽ ተብሏል (12፥10)። ከሳሽ ሁልጊዜ መዋሸት አያስፈልገውም፤ የሰው ልጅ እውነተኛ ኃጢአት ለክሱ ይበቃዋልና። ስለዚህ የተነገረ ሁሉ እውነት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ወዴት ይወስዳል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ወደ ንስሐ ነው ወይስ ወደ ተስፋ መቍረጥ? ወደ ዕርቅ ነው ወይስ ወደ ቂም? ይህ መመዘኛ ለአጋንንት ብቻ አይደለም። የባልንጀራውን ገበና ይዞ «እውነት እኮ ነው» እያለ ለሚያወራና ለሚጽፍ ሁሉ፣ ብዕር ለያዝነውም ጭምር ነው።

ክርስቶስ በቅፍርናሆም እውነት የተናገረውን አፍ ዘግቷል። ተከታዮቹ ነን የምንል እኛ፣ እርሱ ዝም ያሰኘውን አፍ ማይክሮፎን ባንደቅንበት መልካም ነበር።