ተክል በዘመነ ጽጌ አይመረጥም

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በጠራበት፣ ምድሪቱም ልምላሜ በለበሰችበት ወራት፣ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ዘመነ ጽጌን በማኅሌት ስታከብር፣ በአዲስ አበባ የመንገድ ዳርና የወንዝ አፋፍ ላይ የተሰለፉት የችግኝ መሸጫዎች ገበያቸው ይደምቃል፤ ግቢ ያለውም ሰው ዓይኑ ያረፈበትን አበባ በጥቁር ላስቲክ እንደ ተቋጠረ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል። ልማዱ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ የግቢን ተክል በዚህ ወራት መምረጥ በሠርጉ ዕለት ሙሽራዪቱን አይቶ ስለ ትዳሩ ፍርድ እንደ መስጠት ነው፤ በጥቅምት የማያምር ቅጠል የለምና።

በእኔ አስተያየት የአንድ ተክል እውነተኛ ጠባይ የሚታወቀው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው ከተማችን ቀን ፀሐይዋ የምታቃጥል፣ ሌሊት ግን፣ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ደመና አልባ በመሆኑ ምድር የቀኑን ሙቀት ይዛ ለማደር የማትችልባትና በረባዳው ሥፍራ ውርጭ የሚጥልባት ናት፤ ዝናቡም ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ እስከ በልግ ድረስ እምብዛም አይጎበኛትም፤ የቧንቧው ውሃ ደግሞ በፈረቃ የሚመጣ ስለሆነ፣ በጀሪካን ተቆጥሮ ለመጠጥና ለልብስ ማጠቢያ ከሚቀመጠው ላይ ለአበባ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን ሁሉ መከራ ተቀብሎ በየካቲት ቅጠሉን እንደ ያዘ የተገኘ ተክል ሌላ ምስክር አያሻውም።

ስለዚህ ተክል ለመምረጥ የሚሻ ሰው በየካቲት ከሰዓት በኋላ በገዛ ሰፈሩ እየተዘዋወረ በየአጥሩ አሻግሮ ይመልከት፤ ለምልሞ ያገኘውንም ስሙን ጠይቆ ይያዝ፤ ክረምቱ ሲቃረብም ተመልሶ፣ «እንዴት ዋሉ እማማ» ብሎ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ይለምን። በአገራችን ልማድ ለተክል የሚሆን ቁራጭ የሚከለክል ባለቤት ብዙ አይገኝም። ከጎረቤት የተገኘው ቁራጭ እናቱ በዚያው አፈርና በዚያው ውሃ የተፈተነች ናት፤ የችግኝ መሸጫው ተክል ግን ጥላ ተሠርቶለት፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እየተረጨለት ያደገ ቅምጥል ነው። ላስቲኩን ቀድዶ የተመለከተ ሰው፣ ሥሩ መሄጃ አጥቶ በከረጢቱ ግርጌ ክብ እየሠራ እርስ በርሱ ሲተበተብ ያያል፤ በጣት ፈታ ፈታ አድርገው ካልተከሉትም መሬት ከገባ በኋላ እንኳ ያንኑ ክብ እየዞረ ይቀራል፤ ባለቤቱም የተክሉን መጫጨት በአፈሩ ያመካኛል።

ከተፈተኑት ዕፀዋት መካከል የቀዳሚነቱን ሥፍራ ለጤና አዳም እሰጣለሁ። ወደ ግራጫ የሚያደላው ትንንሽ ቅጠሉ ለፀሐይም ለብርድም የማይደነግጥ፣ ግንዱ ከሥር እንጨት እየሆነ የሚጠነክር፣ ቁራጩም በሰኔ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲተከል ያለ ብዙ ድካም ሥር የሚሰድድ ነው። ዘለላው ከቡና ሲኒ ውስጥ ሲገባ የሚሰጠውን መዓዛ ለአገሬ ሰው መተረክ አያስፈልግም፤ ፍሬውም ደርቆ ከበርበሬ ጋር ይደለዛል። በየዓመቱ ክረምቱ እንዳበቃ እኩሌታውን ያህል ካልቆረጡት ግን ከታች ራቁቱን ቀርቶ ከላይ ብቻ ቅጠል የያዘ ረጅም እንጨት ይሆናል፤ ሰዎችም አረጀ ብለው ይነቅሉታል፤ መቀስ አጥቶ እንጂ አላረጀም። ሲቆርጡት ደግሞ ፀሐይ በበረታበት ሰዓት መሆን የለበትም፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል፣ አንዳንድ ጊዜም ውሃ ይቋጥራል። ነፍሰ ጡር ሴትም እንዳትጠጣው የሚሰጠው ምክር ከንቱ አይደለም።

ጤና አዳምም ሆነ የጥብስ ቅጠል የሚፈራው አንድ ጠላት ቢኖር ድርቅ ሳይሆን በሥሩ የሚተኛ ውሃ ነው። በከተማይቱ ደቡብ በኩል ባለው ሜዳ እንደሚገኘው ያለ ጥቁር ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እየሠራ ይደርቃል፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን ውሃውን አላሳልፍ ብሎ ሥር ያበሰብሳል፤ በዚህ አፈር ላይ የሚተክል ሰው አፈሩን ከፍ አድርጎ መደብ ይሥራ። ቀይ አፈር ያለው ዕድለኛ ነው፤ መደብ መሥራቱን ሊተወው ይችላል።

ለማዕድ ከሚሆኑት የአበሻ ጎመንን የሚስተካከል የለም። የዕፀዋት ሊቃውንት እንደሚሉት ይህ ጎመን ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን መዳቀል የተገኘ ነው፤ በ1919 ዓ.ም. አገራችንን የጎበኘው የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭም ኢትዮጵያን ከዓለም የአዝርዕት መገኛ ማዕከላት መካከል ቆጥሯታል። ከታች ከታች ያለውን ቅጠል ሲቀጥፉለት ከላይ እየጨመረ ለወራት ቤተሰብ ይመግባል፤ አብቦ ዘር ሲይዝም የጎመን ዘሩ ምጣድ ማሰሻ ይሆናል። በበጋ ክሽክሽ በቅጠሉ ጀርባ ይሰፍርበታል፤ ቀላል የሳሙና ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል።

በሶብላ ውርጭ በነካው ማግሥት እንደ ከሰል የሚጠቁር ስለሆነ፣ ብቻውን ቢታይ ታማኝ ሊባል አይገባውም ነበር፤ ነገር ግን ከመሞቱ አስቀድሞ ዘሩን ስለሚያተርፍ፣ ያንን በወረቀት ቋጥሮ ለሚያስቀምጥ ሰው በየክረምቱ ይመለሳል። ኮሰረት ከዚህ ይበልጣል፤ አንድ ጊዜ ከያዘ ዓመት እስከ ዓመት ሳይታከት ቅጠል ይሰጣል፤ ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ቅቤ በሚነጠርበት ዕለት ሲጨመር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

የሚቃወሙኝ ወዳጆች «አንተ ግቢውን ሁሉ ጓዳ ልታደርገው ነውን፤ ውበትስ ወዴት ይሂድ» ይሉኛል። ውበትን የምጠላ ሆኜ አይደለም፤ ጽጌረዳም ቢሆን ሥሩ ከጠለቀ በኋላ ለበጋው የማይበገር፣ ሲቆርጡት የሚበረታ ተክል ስለሆነ በደስታ እቀበለዋለሁ። የምቃወመው፣ በበጋ በየቀኑ ውሃ ካልጠጣ የሚቀላውን የተነጠፈ ሣር ነው፤ ሰው በፈረቃ በሚጠጣበት ከተማ ማንም የማይበላውንና ማንም የማያሸተውን ነገር በቧንቧ ውሃ ማጠጣት ቅንጦት ብቻ ሳይሆን ነውርም ይመስለኛል። እንዲሁም መጽናት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የገባው ባሕር ዛፍ ሲቆርጡት ከጉቶው እያቆጠቆጠ የማገዶ ችግርን ያቃለለ ባለውለታ ቢሆንም፣ በጠባብ ግቢ ሲተከል የአፈሩን እርጥበት ብቻውን ጠጥቶ ሌላውን ሁሉ ያደርቃል። ጎረቤቱን የሚያስርብ ተክል ለብቻው ጫካ ይሰጠው።

ግቢ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። ግርጌው የተበሳ የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቢቆረጥ፣ ፀሐይ በሚደርስበት በረንዳ ላይ ለጤና አዳምና ለጦስኝ ይበቃል፤ ውሃውም አትክልት ከታጠበበት ሳህን ይገኛል። ጌሾ ግን ሥሩ ጥልቅ መሬት ስለሚፈልግ ለበረንዳ አይሆንም፤ ስለዚህ የነዋሪዎች ማኅበራት በሕንፃዎቹ መካከል ላለው ባዶ መሬት የሚገዙትን ሣር ትተው፣ ከአጥሩ ሥር አንድ መሥመር ጌሾ ቢያስተክሉ መልካም ነው። አንድ ሁለት ዓመት መታገሥ ያሻል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚያብረቀርቀው ቅጠሉ በጋም ክረምትም አይረግፍም፤ ለፋሲካ ጠላ የምትጠምቀው የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪም ጌሾ ፍለጋ ገበያ ድረስ አትሄድም።