የትናንቱ መልስ ለዛሬው ጥያቄ

በአዲስ ቅዳም ከተማ በሚገኝ አንድ የኮምፒዩተር ክፍል ፍሪቢኤስዲ የተባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና በጫንሁበት ወቅት የኢንተርኔት መሥመሩ ቀርፋፋ፣ ዲስኩ ጠባብ፣ መብራቱም የማያስተማምን ነበር። አንድ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ከምንጭ ኮዱ ሳጠናቅር በአማራጮች ሠንጠረዥ ላይ «ኤንኤልኤስ» የሚል ተራ አየሁ፤ ይኸውም ፕሮግራሙ በተጠቃሚው ቋንቋ እንዲናገር የሚያስችለው ድጋፍ ነው። ጊዜና ቦታ ለመቆጠብ ስል ምልክቱን አነሣሁት።

ከዓመታት በኋላ ተማሪዎች ፕሮግራሙ በአማርኛ እንዲሆንላቸው ጠየቁኝ። የቋንቋ ቅንብሩን ለወጥሁ። በሰነዱ ውስጥ ፊደሉ በትክክል ይነበባል፤ የፕሮግራሙ ትእዛዞች ግን እንግሊዝኛ እንደሆኑ ቀሩ። ፕሮግራሙን አስወግጄ እንደገና አጠናቀርሁት፤ ለውጥ አልታየም። ጥፋተኛው የራሴው የቀድሞ መልስ ነበር።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። የፍሪቢኤስዲ «ፖርትስ» ስብስብ ከ30,000 በላይ ፕሮግራሞችን ከምንጭ ኮድ ለማጠናቀር የሚያገለግሉ መመሪያዎችን ይዟል። አማራጭ ያለውን ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ስናጠናቅር ሠንጠረዥ ይቀርብልናል፤ መልሳችንም በፋይል ይመዘገባል። ከዚያ ወዲህ የአማራጮቹ ዝርዝር ካልተለወጠ በቀር ጥያቄው አይደገምም። ፕሮግራሙን ማስወገድ መዝገቡን አይነካውም። አዘጋጆቹ ነባሪውን ምርጫ ቢያሻሽሉም መዝገቡ እንዳለ ይኖራል። «ሜክ ዶት ኮንፍ» በተባለው አጠቃላይ ፋይል ውስጥ አማራጩን በተለመደው መንገድ ብንፈቅድ እንኳ፣ ለየፕሮግራሙ የተቀመጠው መልስ ይበልጣል።

መፍትሔው አጭር ነው። «ሜክ ሾውኮንፊግ» የተመረጠውን ያሳያል፤ «ሜክ ኮንፊግ» ሠንጠረዡን መልሶ ያቀርባል፤ «ሜክ አርኤምኮንፊግ» መዝገቡን ይሰርዛል። በዚህ በመጨረሻው ላይ «ሪከርሲቭ» የሚል ቅጥያ ሲታከል፣ ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸው የሌሎች ፕሮግራሞች መዝገብም አብሮ ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ እንደገና ማጠናቀር ያስፈልጋል።

ይህን ጉዳይ የባለሙያዎች ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ለነፃ ሶፍትዌሮች የአማርኛ ቅንብርና ትርጉም አዘጋጅቷል። ይህ ሁሉ ድካም አንድ ሰው በችግር ቀን ባነሣት አንዲት ምልክት ምክንያት ከተማሪው ዓይን ሊሰወር ይችላል። ዲስኩ ሲሰፋ፣ መሥመሩ ሲፈጥን፣ የችግሩ ዘመን ውሳኔ ግን ማንም ሳያውቀው ይቀጥላል።

«እንግዲያውስ ሁሉን ሰርዞ መጀመር ነው» የሚሉ አይጠፉም። በዚህ አልስማማም። ከመዝገቦቹ መካከል ታስቦባቸው የተመረጡ አሉ፤ ለምሳሌ ያለ ስክሪን ለሚሠራ ሰርቨር የሥዕላዊ ገጽታ ድጋፍን መተው ተገቢ ነው። ይህ ተሰርዞ ሲጠናቀር የማያስፈልጉ በርካታ ፕሮግራሞች ተከትለው ይመጣሉ። በመሆኑም አስቀድሞ መዝገቡን መገልበጥ፣ ቀጥሎም እያንዳንዱን ምርጫ መመርመር ይበጃል።

በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ያለው የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንሱን ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ካከሰለ በኋላ መሬቱን እንደገና ያርሳል፤ በመጀመሪያውም ዓመት ጤፍ ከችግኙ ጋር ይዘራል። መሬቱ በየዙሩ እንደ አዲስ ይታሰብበታል ማለት ነው። የኮምፒዩተር ክፍሎቻችንም ይህን ልማድ ቢወርሱ እመኛለሁ። ነባሪውን የለወጠ ባለሙያ ምክንያቱንና ቀኑን በአንድ መሥመር በደብተር ያስፍር፤ በየዓመቱ ትምህርት ከመጀመሩ በፊትም ደብተሩ ይገለጥ። ምክንያቱ የጸና ምርጫ ይቆይ፤ ምክንያቱ ያለፈበት ይሰረዝ። እኔ ያን ደብተር ቀደም ብዬ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ፣ ተማሪዎቼ በቋንቋቸው ለመሥራት ያን ያህል ባልጠበቁ ነበር።