ምድጃ ሲታደል ይቆጠራል፤ ሲጠገንስ?

በሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች ማገዶ የማጀት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ዙሪያ የተፈጥሮ ደን ከተመናመነ ቆይቷል፤ የብዙ አርሶ አደር ምድጃ የሚነደው በኩበት ነው። ገብስና ስንዴ ሊያፋፋ የሚገባው እበት ተጠፍጥፎና ደርቆ ወደ ጭስ ይለወጣል። ይህን ለመቀየር የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ባዮጋዝ፣ ቡታ ጋዝ እንዲሁም እንደ ምርጥ እና ላቀች ያሉ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች ወደ ከተማውም ወደ ገጠሩም ገብተዋል። በየዓመቱ በሚቀርቡ ሪፖርቶች ላይ የተሠራጨው ምድጃ ብዛት ይጠቀሳል። ከተሠራጨው ውስጥ ዛሬም የሚነደው ስንቱ እንደሆነ ግን እምብዛም አይነገርም።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የሚቆመው ሰው በግሉ የሚሠራው የምድጃ ጠጋኝ ነው። ደመወዝ የለውም፤ መሥሪያ ቤትም የለውም። ቴስተር፣ ፒንሳና ጥቂት መለዋወጫ የያዘ ቦርሳ ይዞ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ አሊያም በመንገድ ዳር ጠባብ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም እንዲሉ፣ ምድጃው ቢለወጥም የሚጠግነው ሰው ካልተገኘ ቤተሰቡ ወደ ኩበቱ መመለሱ አይቀርም። የጠጋኙ ሥራ የኃይል፣ የግብርና እና የጤና ጉዳይ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የምጣዱ ሽቦ ሒሳብ

በከተሞች በብዛት ለጥገና የሚቀርበው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ መስመር ውስጥ የሚግለው ሽቦ፣ በተለምዶ ሬዚስታንስ የሚባለው፣ ይጠመጠማል፤ በጀሶ ይታሸግና በላሜራ ሳጥን ላይ ይቀመጣል። አንድ ምጣድ በአብዛኛው 3 ሺህ 500 ዋት አካባቢ ኃይል ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፒር ገደማ ይስባል ማለት ነው፤ ይህም የተለመደው ጥሩ ሶኬትና ስፒና ሊሸከሙት ከሚችሉት ጣሪያ ጋር እኩል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሽቦው ሲበጠስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው የተበጠሱትን ሁለት ጫፎች ጎትቶ እርስ በርስ መቋጠር ነው። ጥገናው ርካሽ ነው፤ በዕለቱም እንጀራ ይጋገራል። ይሁን እንጂ የተቃጠለው ክፍል ተቆርጦ ሲወጣ ሽቦው ያጥራል፤ ሽቦ ሲያጥር ደግሞ የሚስበው ኃይል ይጨምራል። ከሽቦው አንድ አሥረኛው ቢቀነስ የምጣዱ ፍጆታ ከ3 ሺህ 500 ወደ 3 ሺህ 900 ዋት ገደማ ያድጋል፤ የሚስበውም ወደ 18 አምፒር ይጠጋል። ስፒናው መቅለጥ፣ የግድግዳው ገመድ መጋል፣ ብሬከሩ መውደቅ ይጀምራል። ሽቦው ይበልጥ ስለሚግልም እንደገና ለመበጠስ ይቀርባል። በየወሩ ሁለት ጊዜ ጠጋኝ የሚጠራ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ምጣዱ ክፉ ሆኖበት ሳይሆን አንዱ ቋጠሮ ሌላውን እየወለደበት ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። በምሽት ወይም በበዓል ዋዜማ ብዙ ቤት በአንድ ጊዜ ምጣድ ሲያበራ የመስመሩ ቮልቴጅ ይወርዳል። ቮልቴጁ 180 ሲደርስ ያው ምጣድ የሚሰጠው ኃይል ወደ 2 ሺህ 300 ዋት ዝቅ ይላል፤ ከሙሉ ጉልበቱ አንድ ሦስተኛውን ያጣል ማለት ነው። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ባለቤቲቱም ምጣዱ ተበላሸ ብላ ጠጋኝ ትጠራለች። በዚህ ጊዜ ታማኝና ብልጥ ጠጋኝ ይለያሉ። ታማኙ ምጣዱን ከመፍታቱ በፊት ሶኬቱን በቴስተር ይለካል፤ ጥፋቱ ከመስመሩ መሆኑን ተናግሮ የመጣበትን ብቻ ተቀብሎ ይሄዳል። ሌላው ደህናውን ሽቦ ቀይሮ ያስከፍላል። በቀጣዩ ማለዳ ቮልቴጁ ሲስተካከል ምጣዱ ስለሚሠራ ጥገናው የተሳካ ይመስላል።

ባዮጋዝ እና የደጋው ብርድ

በገጠሩ ያለው ታሪክ ከዚህ ይለያል። ብሔራዊው የባዮጋዝ መርሐ ግብር በ2001 ዓ.ም ሲጀመር አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች 14 ሺህ የባዮጋዝ ማብላያዎችን በአምስት ዓመት ለመገንባት ታቅዶ ከ8 ሺህ በላይ ተሠርተዋል፤ ሥራው በቀጣይ ምዕራፎችም ቀጥሏል። ሐሳቡ ለደገኛው አርሶ አደር የተሰፋ ልብስ ያህል ልኩ ነው። እበትና ውኃ በእኩል መጠን ተቀላቅሎ ወደ ማብላያው ይገባል፤ ጋዙ ምድጃ ያነዳል፤ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ግን በሚወጣው ተረፈ ምርት ውስጥ ቀርቶ ወደ ማሳ ይመለሳል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይጠፋል። የሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ዋጋ በየወቅቱ በሚያሳስብበት በዚህ ዘመን ልዩነቱ በቀጥታ በምርት የሚለካ ነው።

ይሁን እንጂ ጋዙን የሚያመነጩት ረቂቅ ተሕዋስያን ሙቀት ይወዳሉ። በተሻለ ሁኔታ የሚሠሩት በ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ የማብላያው ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ምርታቸው በእጅጉ ይቀንሳል። ውርጭ በሚጥልባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች የደብረ ብርሃን አካባቢ ማብላያ የአንኮበርን ቁልቁለት ተከትሎ ባለው ቆላ ካለው ጋር እኩል ጋዝ ሊሰጥ አይችልም። ይህን ቀድሞ ያልተነገረው አርሶ አደር በብርዱ ወር እሳቱ ሲደክም ቴክኖሎጂው አይረባም ብሎ ይደመድማል። እበት መጨመሩን ካቆመ ደግሞ ማብላያው በእርግጥም ይሞታል።

ሌላው ሰበብ እጅግ ትንሽ ነው። በቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ጋዙን ይዘጋዋል፤ የምድጃው ቀዳዳ በዝገት ይደፈናል፤ የመዝጊያው ጎማ ይደርቃል። እያንዳንዱ ብልሽት እጁ ለተፈታ ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ማብላያውን የገነባው ግንበኛ ግን ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፤ በአቅራቢያው ያለው የኤሌክትሪክ ጠጋኝም ስለ ባዮጋዝ አልተማረም። በቡታ ጋዝ ምድጃ ሊተካለት ቢሞክር ደግሞ እሳቱ አይያዝለትም። የባዮጋዝ የሙቀት ጉልበት ከቡታ ጋዝ በብዙ ያነሰ በመሆኑ ሰፋ ያለ የጋዝ መውጫ ቀዳዳ ይፈልጋልና። በዚህ መልኩ በብዙ ገንዘብ የተሠራ ማብላያ ዋጋው ጥቂት በሆነ ጎማ ምክንያት ሥራ ያቆማል።

ስህተቱ ሕይወት የሚያስከፍል ሥራ

የቡታ ጋዝ ጥገና ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይሻል። የሲሊንደሩ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወደ ላይ አይበንም፤ ወለል ላይ ይተኛል። ለብርድ ሲባል በርና መስኮቱ በሚዘጋበት የደጋ ቤት ውስጥ ይህ አደጋውን ያከብደዋል። ማፍተለኩ የሚመረመረው ሬጉሌተሩና ጎማው በሚገጣጠሙበት ቦታ ላይ የሳሙና አረፋ በመቀባት ነው፤ አረፋው ከኮረፈ ጋዝ እየወጣ ነው። በክብሪት የሚመረምር ጠጋኝ ከቤት መውጣት አለበት። የተሰነጠቀ ጎማ በፕላስተር አይጠቀለልም፤ ይቀየራል። ሰማያዊ ሆኖ ይነድ የነበረ እሳት ቢጫ ሲሆንና ድስት ሲያጠቁር ጋዙ በቂ አየር እንዳላገኘ ያመለክታል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታ የሌለው መርዛማ ጭስ ሊፈጠር ይችላል።

በኤሌክትሪክ ምጣድም ላሜራው ከመሬት ሽቦ ጋር ካልተገናኘ የተበጠሰ ገመድ ሳጥኑን ሲነካ ጋጋሪዋ በእርጥብ እጇ የምትነካው ብረት ኤሌክትሪክ ይሸከማል። የመሬት ሽቦውን አላስፈላጊ ነው ብሎ የሚቆርጥ ጠጋኝ ሥራ አቀለለ እንጂ አልጠገነም።

ለብቻ የመሥራት ዋጋ

ይህን ሁሉ ኃላፊነት የተሸከመው ሰው ገቢው ዝናብ እንደሚጠብቅ ማሳ ነው። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ባሉት ቀናት ሥራው ይደራረባል፤ ከዚያ በኋላ ይቀዘቅዛል። በገጠር ገንዘብ የሚገኘው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ በመሆኑ በክረምት የተጠገነ ምድጃ ሒሳቡ በዱቤ ይቆያል። የሚግለው ሽቦም ሆነ ሬጉሌተሩ ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ የብር የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃን ዋጋ አስቀድሞ መገመት አስቸጋሪ ሆኗል። ጠጋኙ ዛሬ የተናገረውን ዋጋ በሚቀጥለው ሳምንት መለዋወጫውን ሲገዛ ላያገኘው ይችላል።

ርቀቱም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ከደብረ ብርሃን የአንኮበር ወረዳ ማዕከል ወደሆነችው ጎረቤላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ ምጣድ ብሎ የሚወርድ ባለሙያ የመጓጓዣውንና የጠፋውን የሥራ ቀን በአንዱ ደንበኛ ላይ ከጫነ የጥገናው ዋጋ ከምድጃው ይበልጣል፤ ካልጫነ ራሱ ይከስራል። ስለዚህ አይሄድም። ገጠሩ ጠጋኝ የሚያጣበት ምክንያት ባለሙያ ስለሌለ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡ ስለማይገናኝም ነው።

የቆየ ሸክምም አለ። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ማረሻውን የቀጠቀጠው፣ ምጣዱን የሠራው ባለእጅ ያለ እርሱ የማይኖር ሆኖ ሳለ ይናቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለእጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም የጥገና ሥራን ሌላ ሥራ ያጣ ሰው መጠጊያ አድርጎ የማየት ልማድ አልጠፋም። ወላጆች ልጃቸውን ለቢሮ እንጂ ለቴስተር አይመኙም።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

የመጀመሪያው እርምጃ አቆጣጠሩን መለወጥ ነው። ምድጃ ወይም ማብላያ የሚያሠራጭ ማንኛውም ፕሮግራም ከዓመትና ከሦስት ዓመት በኋላ የሚሠራው ስንቱ እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ለጥገና የሚሆን በጀት ከመነሻው መያዙ ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው ሥልጠና ነው። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ወጣቶችን ከዜሮ ማስተማራቸው መልካም ነው፤ በሥራ ላይ ላሉት ጠጋኞች የሚሰጥ የጥቂት ቀናት ሥልጠናና የሙያ ብቃት ምዘና ግን ለውጤት ይቀርባል። ምዘናውም የኤሌክትሪክ፣ የቡታ ጋዝ እና የባዮጋዝ ተብሎ ቢለይ ይመረጣል፤ አንዱን የሚያውቅ ሌላውን ያውቃል ማለት አይደለምና። በእንግሊዝ አገር የጋዝ መሣሪያ የሚጠግን ሰው፣ በግሉ የሚሠራውም ጭምር፣ በመዝገብ መግባት በሕግ ይገደዳል፤ የሚይዘው መታወቂያ የትኞቹን መሣሪያዎች ለመንካት እንደተፈቀደለት ይዘረዝራል። ደንበኛው መታወቂያውን አይቶ በር ይከፍታል።

እንዲህ ያለውን ግዴታ እዚህ እንዳለ መቅዳት ጉዳት ይኖረዋል። ምዝገባ ማለት ግብርና ክፍያ ብቻ መስሎ ከታየ ጠጋኙ ይሸሻል፤ ሥራው ይበልጥ ወደ ጨለማ ይገባል። በፈቃደኝነትና ያለ ክፍያ ቢጀመር፣ የተመዘኑት ስም በቀበሌ ቢለጠፍ፣ መመዝገቡ ደንበኛ የሚያስገኝ ይሆናል።

ሦስተኛው የገጠሩን ሒሳብ ማገናኘት ነው። ቀበሌው ወይም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ በወር አንድ የጥገና ቀን ቢወስን፣ የተበላሹት ምድጃዎች በአንድ ቦታ ቢሰበሰቡ፣ ጠጋኙ ለአንድ ምጣድ ሳይሆን ለአሥር ይወርዳል፤ መጓጓዣው ለአሥር ይካፈላል። ማዳበሪያና ዘር የሚያከማች መጋዘን አንድ ካርቶን የባዮጋዝ ጎማና የምጣድ ሽቦ ለማስቀመጥ ቦታ አያጣም።

ከነዋሪውም የሚጠበቅ አለ። ከመክፈሉ በፊት ቮልቴጁ መለካቱን፣ ሽቦው ተቋጥሮ ወይስ ተቀይሮ እንደሆነ፣ የመሬት ሽቦው መገናኘቱን፣ ጥገናው ለምን ያህል ጊዜ ዋስትና እንዳለው ይጠይቅ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ይረከብ። እነዚህን የሚጠይቅ ደንበኛ ሲበዛ ርካሹን ቋጠሮ የሚሸጠው ጠጋኝ ገበያ ያጣል፤ በትክክል የሚሠራው ደግሞ የድካሙን ዋጋ መጠየቅ ይችላል።

የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በ2020 እ.አ.አ ብቻ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ ይገምታል። ጭሱን ከማጀት ለማስወጣት አዲስ ምድጃ መግዛት ግማሽ መንገድ ነው። ቀሪው ግማሽ የተገዛው ምድጃ በተበላሸ በሳምንቱ ተመልሶ መንደዱ ነው፤ ይህም ለጠጋኙ በሚከፈለው ዋጋና በሚሰጠው ቦታ ላይ የተንጠለጠለ ነው።