ባዮሎጂ ለመማር ከጭሮ ወዴት?

ምናልባት አንተ ራስህ የ12ኛ ክፍል ፈተናህን አልፈህ በጭሮ፣ በገለምሶ ወይም በሂርና የምርጫ ቅጽ ይዘህ የተቀመጥህ ተማሪ ነህ። ወይም ከወር ደመወዝህ እየቀነስህ ታናሽ እኅትህን የምታስተምር የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ትሆናለህ፤ እርሷም «ወንድም ጋሼ፣ ባዮሎጂ ልማር ነው፤ የትኛውን ዩኒቨርሲቲ ላስቀድም?» ብላሃለች።

የምትሰሙት ምክር መቼም አንድ ነው፤ «ስሙ የገነነውን ምረጡ» የሚል። እኔ በዚህ አልስማማም። ባዮሎጂ በዓይንና በእጅ የሚማሩት ትምህርት ስለሆነ፣ መጠየቅ የሚገባው ተማሪው እዚያ ገብቶ ምን ያያል፣ ምንስ ይነካል የሚለው ነው። (ባዮሎጂ ሕክምና ያልደረሰው የሚጠጋበት ጥግ ነው የሚሉትን ለጊዜው እንተዋቸው።)

ማስረጃ ብትፈልግ ሩቅ አትሂድ። በ1950 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተውን የዓለማያ ኮሌጅ፣ የዛሬውን የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመልከት። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የዕፅዋት ሳይንስ የተማሩት እዚያ ነው። በ1965 ዓ.ም. ገደማ ጆን አክስቴል የተባሉ አሜሪካዊ የማሽላ ተመራማሪ ወደ አገራችን መጥተው ነበርና፣ ወጣቱ ገቢሳ የማሽላ ዝርያ በመሰብሰብ አገዟቸው፤ በዚያው መንገድ ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። በሚኤሶ ቆላ ገበሬውን የሚያስለቅሰውን አቀንጭራ ታውቀዋለህ። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ይነቃል፤ በቅሎም ከሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል። ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ያንን ንጥረ ነገር እምብዛም የማያመነጭ ማሽላ አዳቀሉ፤ አቀንጭራው ምግቡ አጠገቡ መብቀሉን ሳያውቅ ተኝቶ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸለሙ። ነገሩ የተጀመረው እንግዲህ ከማሳ ለማሳ ዘር በመልቀም ነበር።

ስለዚህ እኅትህ ልቧ ወደ ሰብል ወይም ወደ ከብት ያዘነበለ ከሆነ ሐረማያን ታስቀድም። በ1990ዎቹ ደርቆ ከብት የዋለበት፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃው የተመለሰለት የሐረማያ ሐይቅም ደጃፉ ላይ ነው፤ ለሐይቅ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አላውቅም። ዕፅዋትን በስማቸው ለይታ ማወቅ የምትሻ ከሆነች ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ታስብ። በዚያ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም የደረቁ ዕፅዋት ግምጃ ቤት ነው፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በስምንት ቅጽ የተዘረዘሩትም በእርሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን መግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ አስቀድማ ትዘጋጅ።

እዚሁ ጭሮ ያለው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ የሐረማያ ግቢ ነበር። «ከእናቷ ጓዳ ሳትወጣ ተማረች» ብለው የሚያላግጡ አይጠፉም። እኔ ግን የቤት ኪራይና የመንገድ ወጪ የሚያስጨንቀውን ቤተሰብ አውቃለሁና አልስቅም። ደግሞም የኩኒ ሙክታር ተራራ ቅርብ ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው፣ ሳይንስም እስከ እ.ኤ.አ. 1910 ድረስ ስም ያላወጣለት የደጋ አጋዘን የሚኖርበት። ተቋሙ ገና ወጣት ስለሆነ የቤተ ሙከራውን ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ምርጫ ብቻውን እንደማይበቃ አትርሳ፤ ምደባው ውጤትንም ያያል፤ የትምህርት ክፍል የሚለየውም ከመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት በኋላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ሃምሳ ከመቶ ያላገኘ አይመረቅም። በወረቀት ብቻ የተማረ ልጅ እዚያ ሲደርስ ይቸገራል።

ለክረምት የተመለሱ የባዮሎጂ ተማሪዎች በየከተማችሁ አሉ፤ ቡና ጋብዛችሁ ጠይቋቸው። አንዱን ማይክሮስኮፕ ለስንት ትካፈላላችሁ? ባለፈው ዓመት ለመስክ ሥራ ስንት ቀን ወጣችሁ? የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ያረመላችሁ መምህር ስንት ጊዜ አገኛችሁ? መልሱን በወረቀት ጽፈህ ከቅጹ አጠገብ አስቀምጥላት፤ ቅጹን ግን እኅትህ በገዛ እጇ ትሙላው።