ሞተሩን ያገደ ሰርቪስ ይመድብ!

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ አበው። እኔ የሰማሁት ጉድ ከምኖርበት ከሳሪስ አቦ ብዙም አይርቅም። አንድ ፋብሪካ፣ ስሙን ለጊዜው ልተወውና፣ በዋናው በሩ ላይ ክብ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ለጥፏል። «ማንኛውም ሠራተኛ በሞተር ሳይክል ወደ ሥራ መምጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ልብ በሉ! «ሞተር ግቢ ውስጥ አታቁሙ» አላለም። «አትምጡ» ነው ያለው። መንገዱ የሕዝብ፣ ሞተሩ የሠራተኛው፣ ቤንዚኑም የሠራተኛው... ክልከላው ግን የፋብሪካው!

ነገሩን የሰማሁት በወሬ አይደለም። የዚያ ፋብሪካ ማሽን ኦፕሬተር የሆነ አንድ ወዳጅ አለኝ። የሚኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሞተሯን የገዛት እቁብ ደርሶት ነው። መንጃ ፈቃድ አለው፣ ሊብሬ አለው፣ የሦስተኛ ወገን መድን አለው፣ ሄልሜቱንም ሳያጠልቅ አይነሳም። ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሞተሯን እኔ የተከራየሁበት ግቢ እያቆመ፣ የቀረውን መንገድ በእግሩ ይሄድ ጀመር። አከራያችን እማማም «የሰው ልጅ ደክሞ ያገኛትን ምን አድርግ ይሉታል?» ብለው በሩን ከፈቱለት። ወር እንኳ አልቆየም። አንዱ አየና ነገረበት። ተጠራ፣ ተገሠጸ፣ ሞተሯን ቤቱ አቆማት።

እንግዲህ ከቱሉ ዲምቱ ያለ ሞተር መምጣት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የመጣበት ነው። ከሰፈር እስከ አስፋልት ባጃጅ፣ ከአስፋልት ቃሊቲ ታክሲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ አቦ ሌላ ታክሲ ወይም ባቡር። በየመናኸሪያው ሰልፍ። በሞተር ከግማሽ ሰዓት በታች ይፈጅ የነበረው መንገድ አሁን ሰዓት ተኩልም አይበቃው። ሥራ የሚገባው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ ከቤቱ የሚወጣው 11 ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋ ነው። ይህም ሆኖ እስካሁን ስድስት ጊዜ አርፍዷል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ደርሶታል።

ስድስት ጊዜ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በጽሑፍ እየተሰጠው ከሚመጣ ማስጠንቀቂያ ጋር በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊያሰናብተው እንደሚችል ደንግጓል። ቁጠሩት! ወዳጄ የቀሩት ሁለት ጠዋቶች ናቸው። አንድ ቀን ባቡር ቢቆም፣ አንድ ቀን ደግሞ በወሩ 5 የአቦ ዕለት መንገዱ በምእመን ቢሞላ፣ የሦስት ልጆች እንጀራ አለቀ ማለት ነው። በአንድ እጅ መምጫውን ቀምቶ በሌላ እጅ «ለምን አረፈድክ?» ማለት ይሄ እንዴት ያለ ፍርድ ነው?

የሌላውንም ወገን ልስማ ብዬ ወደ ፋብሪካው ሄድሁ። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። «አባባ፣ ሞተር ለምን ተከለከለ?» ብላቸው፣ «እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ አታስገባ አሉኝ፣ አላስገባም» አሉኝ። ቅን ሰው ናቸው። የሰው ኃይል አስተዳደር ኀላፊው ግን ሦስት ምክንያት ደረደሩልኝ። አንደኛ «ለሠራተኛው ደኅንነት ስንል»፤ ሁለተኛ «ግቢው ስለሚጠብ»፤ ሦስተኛ «ሞተር ለዘረፋ ስለሚመች»። በየተራ እንያቸው።

ስለ ደኅንነት ከሆነ፣ ሞተር አደገኛ ነው ቢባል አልከራከርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም በመንገድ አደጋ ከሚሞተው ሰው 21 በመቶው ባለሁለትና ባለሦስት እግር ሞተር ላይ የነበረ ነው። ነገር ግን ያው ድርጅት ሄልሜት በአግባቡ ማጥለቅ የሞት አደጋን በ40 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ70 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ለዓመታት ሲናገር ኖሯል። ደኅንነት ያሳሰበው አሠሪ «ያለ ሄልሜት የመጣ አይገባም» ይላል እንጂ «አትምጣ» አይልም። ደግሞስ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በብዛት የሚሞተው ማነው? እግረኛው ነው! ከሞተር አውርደን በጨለማ፣ ከጅቡቲ የመጣ ከባድ መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ዳር ያቆምነው ሠራተኛ ከአደጋ ወጣ ወይስ ወደ ባሰው ገባ?

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ያው አዋጅ ሠራተኛው ወደ ሥራ ሲመጣ ወይም ሲመለስ የሚደርስበትን አደጋ «በሥራ ላይ የደረሰ» ብሎ የሚቀበለው፣ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ በመደበው ወይም ለዚሁ በተከራየው መኪና ሲሳፈር ነው። በገዛ ሞተሩ፣ በታክሲ ወይም በእግሩ ሲመጣ ለደረሰበት አሠሪው በዚህ ድንጋጌ አይጠየቅም። ታዲያ ደኅንነታችን ከልብ ያሳሰባቸው ከሆነ መንገዱ ግልጽ ነው፤ ሰርቪስ ይመድቡ፣ ኀላፊነቱንም ይውሰዱ! ኀላፊነቱን ሳይወስዱ ክልከላውን ብቻ መውሰድ ግን አሳቢነት አይባልም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ግቢው ይጠባል አሉኝ። ይህን ሲሉኝ በመስኮታቸው ወደ ውጭ አየሁ። የኀላፊዎቹ መኪኖች በጥላው ሥር ተደርድረዋል። አንዷ መኪና በያዘችው ቦታ አራት ሞተር በምቾት ይቆማል። እኔ ይህን ጠቆም ሳደርግላቸው ኀላፊው ሳቅ አሉና «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አሉኝ። እውነትም ሌላ ጉዳይ ነው!

ሦስተኛው የዘረፋው ነገር ነው። እዚህ ላይ ኑዛዜ አለብኝ። የአዲስ አበባ አስተዳደር ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ሲያግድ፣ የያኔው ምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ የሰጡት ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። እኔ በዚያ ሰሞን አጨብጭቤ ነበር! ከጥቂት ወራት በፊት ሁለት ሰዎች በሞተር መጥተው ስልኬን ከጆሮዬ ላይ ነጥቀውኝ ነበርና። በቀሉ የተፈጸመልኝ መሰለኝ። ኋላ ግን ሳስበው፣ በዚያች ቀን እንጀራው የተቋረጠው ስልኬን የቀማኝ ሌባ አይደለም። እሱ ሌላ መላ አያጣም። የቆመው ዕቃ አድራሹ፣ መልእክተኛው፣ እንደ ወዳጄ ያለው ሠራተኛ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው። ቆይቶም ሞተር በምዝገባና በፈቃድ እየሆነ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ከተማዋ በፈቃድ የመለሰችውን ፋብሪካው በማስታወቂያ ያግደዋል ማለት ነው!

ልማዱ የመጣው ከላይ መሆኑ ግን አይካድም። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲቃረብ ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ይታወጃል፣ ትልቅ በዓል ሲመጣ ይታወጃል። ሞተረኛው በዚያ ቀን በምን ሥራው ይግባ የሚል ዐረፍተ ነገር ግን በማስታወቂያው ላይ አይገኝም። ሹሙ ያስተማረውን የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ተማረ። መከልከል ርካሽ ነው፤ ወረቀትና ማኅተም ብቻ ነው የሚፈልገው።

ለመሆኑ መንግሥት ለገዛ ሠራተኛው ምን አደረገ? ፐብሊክ ሰርቪስ የሚባሉ አውቶቡሶች አቆመለት፤ መታወቂያውን አሳይቶ በነጻ ይሳፈራል። ደግ አደረገ። ጨርቁን የሚሸምነው፣ ብረቱን የሚያቀልጠው የቃሊቲ ወዛደር ግን እነዚያ አውቶቡሶች ባዶ ወንበር ይዘው ሲያልፉ ቆሞ ያያል። ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደው ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር «እፎይ» ብለን ነበር። ለሁለቱ መስመሮች 41 ባቡር ተገዛ። ኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ ተባለ። ለግል ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚያወጣ ቦርድ እንደሚቋቋም ያው የ2011ዱ አዋጅ ላይ ተጽፏል፤ የሠራተኛው የትራንስፖርት ወጪ ግን አዋጅ አይጠብቅም፣ በየቀኑ ከኪሱ ይወጣል።

የሌላውን አገር እንይ ካልን፣ ቬትናም ውስጥ ሠራተኛው በብዛት ወደ ፋብሪካ የሚመጣው በሞተር ነው። ፋብሪካዎቹ መከልከሉን ትተው በረድፍ የሚቆምበት ጥላ ሠርተውለታል። ሩዋንዳ የሞተር ታክሲዎቿን ሰደርያ አልብሳ፣ ቁጥር ሰጥታ፣ ለተሳፋሪው ጭምር ሄልሜት እንዲይዙ አድርጋ ታሠራለች። ሰው ካሰበበት ከመከልከል በፊት ብዙ ደረጃ አለ።

ስለዚህ የምንለው ቀላል ነው። ፋብሪካዎች ሆይ፤ ፍርሃታችሁ ደኅንነት ከሆነ ሄልሜት፣ መንጃ ፈቃድና መድን በበሩ ላይ ይታይ። ፍርሃታችሁ ሌባ ከሆነ የሠራተኛውን የሞተር ታርጋ መዝግቡ፤ በደመወዝ መዝገባችሁ ላይ ስሙ ያለ ሰው ከየት ይጠፋችኋል? ቦታ ከጠበባችሁ የአንዲት መኪና ጥላ ልቀቁ። ይህን ሁሉ አንችልም ካላችሁ ሰርቪስ መድቡ። ሰርቪስም የለም፣ ሞተርም አይቻልም ካላችሁ ደግሞ ቢያንስ የማርፈጃውን መዝገብ ዝጉት!

ለሠራተኛ ማኅበራትም አንድ ቃል አለን። የኅብረት ስምምነት የሚባለው ለበዓል ስጦታ ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመደራጀትና የመደራደር መብት ሰጥቷችኋል፤ የመምጫና የመመለሻ ነገር በስምምነቱ ላይ ይጻፍ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም በየፋብሪካው በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቆም ብለው ያንብቡት።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ ወዳጄ ደወለልኝ። «ዛሬስ ደረስክ?» አልሁት። «ዛሬ ደርሻለሁ» አለኝ፣ «ስድስት ላይ ነን።» እኔም መቁጠር ጀምሬያለሁ። ቸር ወሬ ያሰማን!